የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ፦ ካርታውን ተጠቀሙበት፣ ነጥቡን አጥፉት

ስለዚህ ሶፍትዌር ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየጠየቀኝ ነው፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የምሠራው የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው። ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ነው፤ ቅርንጫፎቻችን ደብረ ብርሃን፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭና ድሬዳዋ ናቸው። ሶፍትዌሩ የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ይመዘግባል፣ ፈቃድ ይይዛል፣ ከፔሮል (ከደመወዝ ስሌቱ) ጋር ይገናኛል። ከዚያ ደግሞ የት ቅርንጫፍ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት የሥራ ቀን በሕመም እንደባከነ በካርታ ያሳያል። የሻጩን ስም አልጠራም። ያንኑ ዕቃ በሌላ ቀለምና በሌላ ሎጎ የሚሸጡ አሉ፤ ደግሞም እኛ ገና ውል ላይ ነን።

ውጤቴን ላስቀድም። ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ። 4 ይገባው ነበር፤ አንዷ ኮከብ የተቀነሰችው በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው። እሷን ቆይቼ በሰፊው አወራለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን። ድሮ የቅርንጫፎቹ የሕመም ፈቃድ እንዴት እንደሚመጣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወሩ ሲያልቅ የሐኪም ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ከዕቃ መኪና ጋር ይላካል። ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹ ዝናብ ይመታዋል፤ የተረፈው ላይ ያለውን የሐኪም ጽሑፍ ደግሞ ፋርማሲስት ካልሆነ የሚያነበው የለም። እኔ ያንን ሁሉ ኤክሴል ላይ ስገለብጥ ፔሮሉ ያልፋል። አሁን ሠራተኛው ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይጭናል፣ አለቃው ያጸድቃል፣ እኔ ጋ ይደርሳል። ስልኩ ፎቶ ለማያነሳለት ሰው ሱፐርቫይዘሩ ይጭንለታል። መብራት ሲጠፋ የአሻራ ማሽኑ በራሱ ባትሪ ይሠራል፣ መረጃውን ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ሲመለስ ይልካል። ይሄን ያህል እንኳን የማይሠሩ ስንት አሉ። ለዚህ እጄን አጨበጭባለሁ።

አሻራው ራሱ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ሲሚንቶና ብረት የሚያወርዱ ልጆች የጣታቸው መስመር ተልጦ አልቋል። ማሽኑ አያነባቸውም። ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ይሞክራሉ፣ በምራቅ አርሰው ይሞክራሉ፣ ከኋላ ሰልፉ ይንጫጫል። እነሱን በካርድ አድርጉላቸው። ሻጩ ካርድ ተጨማሪ ክፍያ አለው ሊላችሁ ይችላል፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አስገቡት።

ወደ ካርታው ልምጣ። የወደድኩት እሱን ነው።

አንድ ዓመት ሙሉ መረጃ ሲገባበት ቅርንጫፎቹ ፍጹም የተለያየ መልክ ይዘው ወጡ። ካርታው ላይ ቀይ ማለት ብዙ ቀን በሕመም የባከነበት ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ክረምት ላይና ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ቀይ ይሆናል። ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ጠዋት የብረት በር ሲነኩት እጅ ያሳርራል። ወረቀቱ ላይ የሚመጣውም ጉንፋን፣ ቶንሲል፣ ሳንባ ምች ነው። አንድ ሁለት ቀን፣ አልፎ አልፎ ሳምንት። አርባ ምንጭ በተቃራኒው ክረምቱን ጸጥ ብሎ ይከርምና መስቀል ሲያልፍ ይፈነዳል። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቀይ ነው። ከዚያ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ደግሞ ትንሽ ብርቱካናማ ይሆናል። ሐዋሳ የአርባ ምንጭን ይመስላል፣ ግን ቀለል ያለ ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ከፍ አይልም፣ ዝቅ አይልም። ወረቀቱን ብታዩት «ታይፎይድና ታይፈስ»፣ «ጨጓራ»፣ እንደገና «ታይፎይድና ታይፈስ»። ሁለቱ መቼም ተለያይተው መጥተው አያውቁም! ለዚህ የሚሠራው የዊዳልና የዌል ፌሊክስ ምርመራ ድሮ የነበረብህንም በሽታ አሁን እንዳለብህ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል የሐኪሞቹም ጠብ የማይበርድበት ጉዳይ ነው፤ እኔ አልገባበትም።

የአርባ ምንጩን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ወባ ነው። ከሀገራችን መሬት ሦስት አራተኛ ያህሉ ለወባ የተመቸ ነው፤ በአብዛኛው የሚያጠቃውም ከ2,000 ሜትር በታች ያለውን ነው። ዋናው ወቅት ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው፣ ትንሹ ደግሞ ከበልግ ዝናብ በኋላ ይመጣል። ካርታው የሳለው ይህንኑ ነው። ማንም ሳይነግረው፣ ከእኛ የሕመም ፈቃድ ብቻ ተነስቶ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን ሲያሳውቅ ዜናውን ሰምተን አዝነን አለፍን። ያ ቁጥር ግን ሥራ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ያየሁት እዚህ ስክሪን ላይ ነው። የአርባ ምንጭ መጋዘን ጥቅምት ላይ ግማሽ ሰው ይዞ መኪና ያራግፋል።

ያስገረመኝ ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ በረሃ ናት፤ የእሷ ቀይ ወራት ከአርባ ምንጭ ጋር አይገጥሙም። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ትቀላለች። መጀመሪያ «እነዚህ ሰዎች በሙቀቱ ጊዜ እየቀሩ ነው» ያለ አለቃ ነበረን። ነገሩ ሌላ ነው። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ አለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ኢትዮጵያ ውስጥ ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው። ይህች እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትጠብቅም። ሰው ውኃ የሚያጠራቅምበት በርሜል፣ ገንዳ፣ የግንባታ ጉድጓድ ይበቃታል። ከተማ ትወዳለች። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሁሉም ቤት በርሜል አለው፣ ስለዚህ በደረቅ ወቅትም ትራባለች። ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ነው የተያያዘው። በላዩ ላይ ደንጌና ቺኩንጉንያ የሚባሉት በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች ከተማዋን በየጊዜው የመቷት መሆኑን ጨምሩበት። የእኛ መጋዘን ጓሮ ውስጥ ክዳን የሌላቸው የውኃ በርሜሎች ተደርድረው ነበር። ካርታው ባይጠቁመን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ተከደኑ።

ስለዚህ ካርታው ዋጋ አለው። ከአንድ ጉድለት ጋር፦ ሲከፈት የሚያሳየው ጠቅላላ የቀሩ ቀናትን ነው፣ ምጣኔውን አይደለም። አዲስ አበባ ሰው ስለሚበዛ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀይ ሆኖ ይታያል። አንድ ስብሰባ ላይ ይሄ ስክሪን ተከፍቶ «አዲስ አበባ ምን ሆኗል?» ተብሎ ሲተፋተግ ሰዓት አለቀ። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የቀሩት ቀናት በታቀዱት የሥራ ቀናት እንዲካፈሉ አድርጉ። ምርጫው አለ፣ ግን ተደብቋል። ያኔ አዲስ አበባ ወደ ታች ትወርዳለች፣ አርባ ምንጭ ወደ ላይ ይወጣል።

ካካፈላችሁት በኋላም ቢሆን ሙሉ ሥዕል እንዳይመስላችሁ። የቀን ሠራተኛ እዚያ ውስጥ የለም። የቀን ሠራተኛ ሲታመም ፈቃድ አይጠይቅም፤ አይመጣም፣ አይከፈለውም፣ በማግስቱ ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ይቆማል። ቆላ ያሉት ቅርንጫፎች ደግሞ በቀን ሠራተኛ ነው የሚንቀሳቀሱት። ስለዚህ ካርታው ላይ የሚታየው ቀይ ከእውነተኛው የደበዘዘ ነው። ሶፍትዌሩን የምወቅስበት አይደለም፣ ያልነገሩትን አያውቅም። ግን ሪፖርት የምታቀርቡ ሰዎች ይሄን ከሥሩ ጻፉበት።

አሁን ወደ ተቀነሰችው ኮከብ።

ሶፍትዌሩ እያንዳንዱ ሠራተኛ ስም አጠገብ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀይ ሲሆን ለአለቃው ራሱ ኢሜይል ይልካል፤ «ይህ ሠራተኛ ክትትል ያስፈልገዋል» ይላል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ረቂቅ ሳይቀር አዘጋጅቶ ያያይዛል። ቁጥሩ የብራድፎርድ ፋክተር ይባላል፣ በእንግሊዟ ብራድፎርድ ስም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሰውየው በዓመቱ ስንት ጊዜ ቀረ የሚለው በራሱ ይባዛል፣ ከዚያ በጠቅላላ የቀሩ ቀናት ይባዛል። ሐሳቡ፣ አንዴ ረጅም የታመመ ሰው ሥራ ያን ያህል አይረብሽም፣ ደጋግሞ አጭር አጭር የሚቀር ግን ይረብሻል የሚል ነው። ሰኞ ሰኞ ሆዱን የሚያመውን ሰው ለመያዝ የታሰበ ነው በአጭሩ።

አሁን እኛ ቤት ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። አዲስ አበባ አንድ ሰው ቀዶ ሕክምና አድርጎ አንዴ 30 ቀን ቀረ እንበል። አንድ ሲባዛ አንድ፣ ሲባዛ 30፤ ነጥቡ 30 ነው። አረንጓዴ። አርባ ምንጭ ያለው ልጅ ወባ ይዞት 3 ቀን ቀረ፤ ተመለሰ፣ ከወር በኋላ ደገመበት፣ 3 ቀን፤ እንዲህ እንዲህ እያለ በዓመት 4 ጊዜ። ጠቅላላ 12 ቀን ነው። አራት ሲባዛ አራት 16፣ ሲባዛ 12፤ 192። ቀይ! አሥራ ሁለት ቀን የቀረው ወር ሙሉ ከቀረው በስድስት እጥፍ የባሰ ቀሪ ሆኖ ቁጭ አለ።

ይሄ ደግሞ ተረት አይደለም፤ ወባ እንዲህ ነው ጠባዩ። ሀገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ወባ ይበዛል፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ሕመምተኛው ድኖ ሥራ ከገባ በኋላ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ማንም ትንኝ ሳትነድፈው እንደገና ይነሳበታል። ጉበት ውስጥ ለተኛው ወባ የሚሰጠው ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት ነው፤ በተለመደው አሰጣጥ ለ14 ቀን ይዋጣል። ትኩሳቱ በሁለተኛ በሦስተኛ ቀን ሲለቅ 14 ቀን ሙሉ ኪኒን የሚውጥ ስንት ሰው ነው? ስለዚህ ይደጋገማል። ሲደጋገም የዚያ የብራድፎርድ ቁጥር ወደ ላይ ይወነጨፋል። ሶፍትዌሩ ሳያውቀው የሚቀጣው ወባ ያለበት ቦታ የተመደበን ሰው ነው።

ቀይ የወጣው የአርባ ምንጭ ልጅ ላይ ደብዳቤው ሲደርስ የመጋዘኑ ኃላፊ ደወለልኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ልጄ፣ ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው ካላችሁኝ እኔ ሰው አላውቅም ማለት ነው። ሲሚንቶ ሲመጣ ቀድሞ ትከሻውን የሚሰጥ እሱ ነው።»

«ጋሼ፣ እኛ አላልንም እኮ፤ ሲስተሙ ነው ያወጣው።»

«እንግዲያው ሲስተሙን ወደዚህ ላኪልኝ። አንድ ጥቅምት እኛ ጋ ይደር።»

ሻጩን ስናናግር የሰጠን መልስ «ኢንተርናሽናል ስታንዳርድ ነው» የሚል ነው። ይሁን። ግን ያ ስታንዳርድ የመጣበት ሀገር ራሱ ክልል ከክልል እኩል አይታመምም። የብሪታንያ ብሔራዊ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን የሕመም መቅረት በየአካባቢው እየለየ ያወጣል፤ ለንደን ዝቅተኛው ጎራ ውስጥ ነው፣ ዌልስ ከፍተኛዎቹ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሀገሪቱ አማካይ 2.6 በመቶ ደርሶ ከ2004 ወዲህ ከፍተኛው ነበር። ጀርመንም እንደዚያው ነው፤ ደቡብ ምዕራብ ባደን ቩርተምበርግ ሰው ትንሽ ይቀራል፣ ሰሜን ምሥራቅ ሜክለንበርግ ፎርፖመርን ብዙ ይቀራል። የዌልስ ሰው ከለንደኑ ይልቅ ሰነፍ ነው የሚል ቁም ነገረኛ አላየሁም። ለንደን ወጣት ይበዛባታል፣ ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ይበዛባታል። በዕድሜ የገፋ፣ የቆየ ሕመም ያለበት፣ በጉልበቱ የሚሠራ ሰው የበዛበት አካባቢ ብዙ ይቀራል። ወባ እንኳን ሳይኖር ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አርባ ምንጭ ባለው 1,500 ሜትር ቁልቁለት ላይ አንድ መለኪያ መዘርጋት ምን ማለት ነው?

እኛ ያደረግነው ነጥቡን ማጥፋት ነው። በሠራተኛ ፋይል ላይ እንዳይታይ፣ ኢሜይል እንዳይልክ። ሙሉ በሙሉ ማጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ ቀዩን መስመር ማንም የማይደርስበት ቁጥር ላይ ሰቅላችሁት ማሳወቂያውን ትዘጋላችሁ። ሰኞ ሰኞ የሚጠፋውን ሰው መያዝ ከፈለጋችሁ ሱፐርቫይዘሩ ያለ ምንም ቀመር ያውቀዋል፣ ስሙን ሳይጠራ ይስቃል።

ሕግ ላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ ብዙ ማስተካከያ ይፈልጋል። ሲመጣ የሌላ ሀገር የፈቃድ ደንብ ተጭኖበት ነው የሚመጣው። በእኛ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከዚህ ውጭ ነው፣ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳታስገቡ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ አሥራ ሁለቱ ወራት የሚቆጠሩት ሠራተኛው ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን ነው። የእኛ ሶፍትዌር ግን በፈረንጆቹ ጥር አንድ ቀን ሁሉንም ሰው ወደ ዜሮ ይመልሳል። ታኅሣሥ ላይ የታመመ ሰው ሳምንታት ሳይቆይ አዲስ 6 ወር ያገኛል፣ ፔሮሉም እንደገና ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል። ይህ በቅንብር የሚስተካከል አይደለም፤ ፕሮግራመሩ ራሱ ነው የሚነካው። እስኪስተካከል ድረስ ረጅም ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በእጅ ያዙ።

የቀን አቆጣጠሩም የታወቀ ነው። ክሊኒኩ «ከጳጉሜን 3 እስከ መስከረም 2» ብሎ ይጽፋል፣ ሶፍትዌሩ ጳጉሜን የሚባል አያውቅም። የኛን ካላንደር ያሳያል ተብሎ ነው የተሸጠው፤ ያሳያል፣ ግን የሚያሰላው በፈረንጁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። የዓመት መለወጫ ሰሞን ደግማችሁ እዩት።

ከዚህ ሌላ የሚያሳስበኝ የሕመሙ ምክንያት ነው። ፈቃድ ሲጠየቅ ከዝርዝር ውስጥ በሽታ ምረጡ ይላል፤ ዝርዝሩ ከውጭ የመጣ ነው። ምች የለም። ልጅ ታሞ የቀረች እናት የምትመርጠው ቦታ የለም፣ ስለዚህ የራሷን ራስ ምታት ትመርጣለች፤ ካርታው ላይም የእሷ ሕመም ሆኖ ይገባል። የባሰው ደግሞ የተመረጠው በሽታ ለሱፐርቫይዘሩም፣ ለሱፐርቫይዘሩ አለቃም፣ ለሂሳብ ክፍልም መታየቱ ነው። ሰው ኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም ብሎ ቢሞላስ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ በኋላ የጤና መረጃ በጥንቃቄ የሚያዝ ነገር ሆኗል። እኛ ለአለቆቹ «በሕመም» የሚለው ብቻ እንዲታይ፣ ዝርዝሩ ደግሞ እኛና ክሊኒካችን ጋ ብቻ እንዲቀር አስደርገናል። ይህ ቅንብር ጥሩ ነው የሚሠራው፣ ሻጩም ቶሎ አደረገልን። ምስጋና የሚገባውን መንፈግ አይገባም።

ካርታውን ካየን በኋላ ምን አደረጋችሁ ላላችሁ፤ ተአምር የለም። አርባ ምንጭና ሐዋሳ ላይ የዓመት ዕረፍት ከመስከረም እስከ ኅዳር እንዳይከማች ተደረገ፣ በዚያ ወቅት ከአዳማ ተጨማሪ ሰው ይላካል። ለምርመራ የሚሄድ ሰው ግማሽ ቀኑ እንዳይቆረጥበት ተስማማን። የማይቆረጥበት ሰው ትኩሳት እንደጀመረው ይሄዳል፤ የሚቆረጥበት ግን እስኪወድቅ ይሠራል፣ ከዚያ ሳምንት ይቀራል። የአጎበር ነገር ተነስቶ ነበር፣ እሱን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ከእኛ በተሻለ ይዘውታል። ፕሪማኪን የተሰጠው ሰው 14 ቀኑን እንዲጨርስ የሚያስታውሰው የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ጠዋት ጠዋት «ዋጥክ?» እያለ። ለዚህ ሶፍትዌር አላስፈለገም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ክፍያው በሠራተኛ ቁጥር በየወሩ ነው። ውሉ በብር ይጻፋል፣ ነገር ግን በትንሽ ፊደል ከዶላር ጋር የታሰረ አንቀጽ አለው። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያ አንቀጽ ምን እንዳደረገን አትጠይቁኝ። አንቀጹን አንብቡ፣ ጣሪያ አስቀምጡበት። የስልክ ድጋፋቸው በሥራ ሰዓት ጥሩ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት የለም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ለምትሠሩ ችግር ነው።

አንድ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ሠላሳ አርባ ሰው የያዘ ድርጅት ከሆናችሁ አትግዙት፤ ኤክሴልና ጨዋ ሱፐርቫይዘር ይበቃችኋል። ደጋና ቆላ የተበተነ ቅርንጫፍ ካላችሁ ግን ግዙት። ስትገዙ ሦስት ነገር አስፈርሙ፦ የካርድ አማራጭ፣ 12 ወሩ ከመጀመሪያው የሕመም ቀን እንዲቆጠር፣ የብራድፎርዱ ነጥብ ከፋይል ላይ እንዲጠፋ። ሦስተኛውን እናደርጋለን ብለው ዴሞ ሲያሳዩአችሁ የአንድ ሠራተኛ ፋይል አስከፍቱና በዓይናችሁ እዩት፣ ምክንያቱም ከዳሽቦርዱ ላይ አንስተው ፋይሉ ውስጥ ይተዉታል።